ጉርድ ፎቶ

ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣ ቸርችል ዳገቱ ላይ፣
አንድ በርጩማ፣ ሁለት መብራት፣ ከጀርባ የጨርቅ ሰማይ፤
ይኸው ነው ንብረቴ፣
ፊት ስቆርጥ ያረጀሁበት የሠላሳ ዓመት ቤቴ።

ሚኒስትሪ ሲደርስ
ተማሪው ይሰለፋል እስከ ልብስ ሰፊው ደጅ ድረስ።
«አገጭ ቀና! ዓይን ወደዚህ!» እላለሁ እንደ ልማዴ፤
ጉርድ ፎቶ ሳቅ አይወድም፤ መንግሥት አይስቅም፣ ዘመዴ።
ቢሆንም ልጅ ልጅ ነው፤
ከብልጭታው በፊት ከንፈሩን የሚያመልጠው
አንድ ፈገግታ አለ፤
እሱን ስጠብቅ ነው ዕድሜዬ የዋለ።

አንዳንዶቹ ግን
እንደ ሳንቲም ቦርሳ አፋቸውን ገጥመው፣ ምንም ሳያመልጥ፣ ሳይስቅ
ይቀመጣሉ። «ከየት ነው የመጣችሁት?» ብዬ ስጠይቅ፣
መቂ ይሉኛል፣ ዝዋይ፣ ወንጂ፤
ሲመልሱ እንኳ አፋቸው ላይ ነው የሚውለው እጅ።

ሲፈን አንዷ ነበረች። የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣
አራት ኪሎ ከአክስቷ ጋር፤
ሻርፗ እስከ አፍንጫዋ፣ የመጋቢት ፀሐይ ሲፈጅ።
ስታወርደው አየሁት፦ ከላይ ያሉት ሁለቱ
ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መሰሉኝ በመብራቱ፣
ጫፋቸውም ተሸራርፏል።
«አትቦርሺም እንዴ?» አልኳት። (ይቅር ይበለው አንደበቴን።)
«በቀን ሦስቴ፤ እስኪደማ። ከፈለጉ ይጠይቁ እናቴን።
ውሃው ነው፣ ጋሼ። የጉድጓዱ ውሃ ነው ውስጡ የገባው፤
ገና ሳይበቅል ነው ጥርሴ ከድዴ ሥር ሆኖ የጠባው።»

አባቷ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር።
እኔ እዚህ ዳገት ላይ፣ ሻዬ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስጨምር፣
አንድም ቀን አላሰብኩትም፦
ስኳሩ ወደ እኛ ወጣ፤ ውሃው እዚያው ቀረ፣
በልጆች ድድ ሥር ሲጽፍ እያደረ።

ጥርስን ሐጫ በረዶ እያልን ስናሞግስ ኖረን፣
በረዶውም ውሃ እንደ ነበር ማን ነገረን?

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አውቃለሁ ከጥንት፤
ሰውየውን ትቶ ሳቁን ብቻ የሚወስድ ግን
ያየሁ ያን ዕለት።

«ኮምፒውተሩ ላይ ላንጣልሽ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» ብላት
ዝም አለች። ውጭ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤
ዓይኗ ከግድግዳው ላይ አንዲት ሙሽራ ያያል።
«የእኔን ተዉት» አለች በመጨረሻ።
«ሌላ ሰው ግን አመጣለሁ።»

በማግስቱ መጣች። እጇን የያዘው ወንድሟ ሮባ፣
ስድስት ዓመቱ፣ ኪሱ ሙሉ ቆርኪ፣ ካልሲው ላይ የደረቀ ጭቃ።
«ይህን አንሱልኝ፣ ጋሼ። እየሳቀ። አፉን ከፍቶ።
አንዱ ተነቃንቋል፤ ሳይወድቅ፣ ሌላው ሳይመጣ ተክቶ።
አዲሳባ ስንገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤
ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ነው የሚጠጣው።
ይድን እንደሆነ ጠይቄ ሐኪሟም አልነገረችኝ፤
ሲበቅል ነው አለች የምናየው።»

ሠላሳ ዓመት «እንዳትስቁ» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣
ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ጦጣ ዘልዬ፣
በርጩማውን ገልብጬ፣
ጉልበቴን መትቼ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣
ልጁ ፈነዳ!
ሁሉም ታዩ። ነጫጭ፣ ደቃቅ፣ እንደ ጤፍ ሳይሆን እንደ ሩዝ፤
አንዱ ብቻ ዘንበል ብሎ፣ እንደ ሰከረ ዘብ ሲያንቀላፋ፣ ሲፈዝ።
ብልጭ።

ከመብራቱ ጀርባ ሲፈንም ትስቅ ነበር፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ።
አየሁ። እሷን አላነሳሁም።

ሒሳብ አልቀበልም ብል እምቢ አለች፤
የተጣጠፈ ብር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።
ከዚያ እስክሪብቶ ለመነችኝ፤ ከፎቶው ጀርባ፣ በሚያምር ቁም ጽሑፍ፣
ስሙን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ከቀኑም ሥር አንድ ቃል፦
«በፊት»።
«በኋላ» የሚባለው ገና
ልጁ አፍ ውስጥ ይነቃነቃል።